ከእጅ ሰዓቱ በፊት ስልኩ

ጎንበስ ብሎ ሩዝ ሲያርም የሚውል የፎገራ ልጅ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል። እጄ አልጠራልኝም እያለ ደጋግሞ የሚታጠብ ልጅም ጭንቀቱ ሲነሣበት እንዲሁ ይሆናል። በእጅ የሚታሰር ሴንሰር የልብ ምቱንና ላቡን ይለካል፤ ድካሙን ከጭንቀቱ መለየት ግን ዛሬም ከባድ ነው።

ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ። በ1966 የለንደኑ ቪክቶር ማየር ኦሲዲ (የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ ድርጊትን እንዲደጋግሙ የሚያስገድድ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸውን ሁለት ሰዎች እንዴት እንዳከመ ጻፈ፤ የሚፈሩትን እንዲጋፈጡ፣ ለማስታገሻ የሚደጋግሙትን ድርጊት ግን እንዲተዉ ነበር ያደረገው። መሠረቱ አልተለወጠም። ልጁ ቆሻሻ ነው ብሎ የሚሸሸውን የበር እጀታ ይይዛል፤ ሳይታጠብ ይቆያል፤ ጭንቀቱ ይንርና ቀስ በቀስ ይበርዳል።

ለእኛ የሚበጀው ግኝት የ2014ቱ ይመስለኛል። በእንግሊዝ ከ11 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው 72 ታዳጊዎች ተመርጠው፣ ከፊሎቹ በስልክ ከፊሎቹ ፊት ለፊት ታከሙ፤ የስልኩ ውጤት ከሌላው አላነሰም። በ2021 ስዊድናውያን በ152 ልጆች ላይ ተመሳሳይ ነገር በኢንተርኔት አሳዩ። ወደ ሴንሰሩ ስንመለስ፣ በ2023 ዴንማርክ ውስጥ 9 ልጆች እስከ 8 ሳምንት ሴንሰር አስረው፣ ሕመሙ ሲነሣባቸው ቁልፍ እየተጫኑ ምልክት ሰጡ። ተስፋ አለው፤ ነገር ግን 9 ልጅ ጥቂት ነው፣ ተመራማሪዎቹም ሰፊ ጥናት ያስፈልጋል ብለዋል።

አገራችን በ2010 የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ስትነሣ ቅድሚያ የተሰጣቸው እንደ ድባቴና የሚጥል በሽታ ያሉት ነበሩ። ኦሲዲ አልተካተተም። ስለዚህ የፎገራዋ ከተማ የወረታ ቤተሰብ ልጁን መጀመሪያ ጸበል ይወስዳል፤ አልሆን ሲል ባሕር ዳር ወይም ጎንደር። ኃጢአቴን አሟልቼ አልተናዘዝሁም ብሎ በየቀኑ ወደ ንስሐ አባቱ የሚመለሰውን ልጅ ደግሞ ሰው ሁሉ መንፈሳዊ ነው ብሎ ያመሰግነዋል። እምነቱን ከሕመሙ የሚለይለት ልጁን ቀርቦ የሚያውቅ ሰው እንጂ የላብ መለኪያ አይደለም። የንስሐ አባቱም ከባለሙያው ጋር ቢመክሩ ትልቅ አቅም ናቸው።

በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መረጃ ያለማቋረጥ መላክ ያለበት ሕክምና እዚህ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ታይቷል። ሴንሰሩ ይምጣ፣ ይጠና። በጀት የሚመድብ ካለ ግን አስቀድሞ ለወረታ ነርሶች ሥልጠና፣ ለሳምንታዊ የስልክ ሕክምና ጥሪም ካርድ ይግዛ።