የሕፃናት የምናብ ፍጡራን እምነትና የመመርመር ልማድ

ሕፃናት በዐይን ያልታዩ ፍጡራን አሉ ብለው ማመናቸው ካደጉ በኋላ የሰሙትን ሁሉ ሳይመረምሩ የሚቀበሉ ያደርጋቸዋልን? ወይስ ለመመርመር ያነሣሣቸዋል? ይህ ጥያቄ ወላጆችንና መምህራንን ሲያከራክር ኖሯል። አንደኛው ወገን፣ ልጅ ሐሰትን እንደ እውነት መቀበል ከለመደ ማስረጃ መጠየቅን አይማርም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ምናብ የማሰብ ችሎታ መነሻ ስለ ሆነ ሊገታ አይገባም ሲል ይከራከራል። ክርክሩን ለመመዘን ሕፃናት እንዴት እንደሚያምኑ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

ሀ. የእምነቱ ጠባይ

ስዊስ ተወላጁ የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው ጥናት ሕፃናትን ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ሕልም እየጠየቀ መልሳቸውን መዝግቧል። ጨረቃ በሄዱበት ሁሉ እንደምትከተላቸው የነገሩት ነበሩ። ከዚህም ተነሥቶ የሕፃን አእምሮ በሐሳብና በገሐዱ ዓለም መካከል ያለውን ድንበር ገና አልለየም ሲል ደመደመ።

ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን አስተያየት አሻሽለውታል። ፖል ሃሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት ሕፃናት በባዶ ሣጥን ውስጥ አንድ ፍጡር እንዳለ አድርገው እንዲያስቡ ተጠየቁ። ፍጡሩ የሐሳብ ብቻ መሆኑን ተናገሩ፤ ብቻቸውን ሲቀሩ ግን አንዳንዶቹ ወደ ሣጥኑ ቀርበው አረጋገጡ። ድንበሩን ያውቃሉ፤ እርግጠኝነታቸው ግን ገና አልጸናም።

ዣክሊን ዉሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ያመለክታል። ሕፃናቱ ሌሊት መጥታ ከረሜላ ወስዳ አሻንጉሊት ስለምትተው አንዲት የፈጠራ ጠንቋይ ተነገራቸው። ከሕፃናቱ በዕድሜ ከፍ ካሉት መካከል ወላጆቻቸው ከረሜላውን በአሻንጉሊት የለወጡላቸው፣ ካልተለወጠላቸው ይልቅ አመኑ። ስለዚህ እምነታቸው ከሞኝነት የመነጨ አልነበረም፤ ባዩት ምልክት ላይ የቆመ ነበር። ስሕተቱ ምልክቱን ባዘጋጁት አዋቂዎች ዘንድ ነው።

ለ. የእምነቱ መጨረሻ

በአሜሪካ ብዙ ልጆች የገና አባት በገና ሌሊት ስጦታ ያመጣልናል ብለው ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት ይህን እምነት የተዉ 52 ልጆች ተጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ እውነቱን የደረሱበት በ7 ዓመት ገደማ በራሳቸው ነው፤ ስሜታቸውም በብዛት የደስታ ሲሆን ይልቁንስ ያዘኑት ወላጆች ነበሩ። ይህ ውጤት እምነቱ የመመርመር ችሎታን እንደማያጠፋ ያሳያል። ሆኖም እምነቱ ራሱ ልጅን መርማሪ ያደርጋል ለማለት አያስደፍርም፤ የሚጠቅመው እምነቱ ሳይሆን ልጁ ጥያቄ አንሥቶ መልሱን ለመፈለግ ማግኘቱ ነው።

ሐ. የመምህሩ ድርሻ

በአገራችን ልጆች ስለ ጭራቅና ስለ አያ ጅቦ እየሰሙ ያድጋሉ። እዚህ ላይ ተረትንና ማስፈራሪያን መለየት ይገባል። በተረት ጊዜ ተራኪውም ሰሚውም ለጨዋታ ተስማምተዋል። «ዝም ካላልህ አያ ጅቦ ይበላሃል» የሚለው ዛቻ ግን ልጁ ሄዶ እንዳያይና እንዳይጠይቅ ያግደዋል። ስለዚህ ምርመራን የሚያደናቅፈው ምናቡ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው።

ተማሪ «ጭራቅ በእውነት አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መምህሩ ሊሥቅበትም፣ ሊያስፈራራውም አይገባም። «አንተስ ምን ይመስልሃል? በምን ዐወቅህ?» ብሎ አስቀድሞ ልጁን ያናግረው፤ ልጁ እውነቱን ለማወቅ አጥብቆ ከጠየቀ ግን እውነቱን ይንገረው፤ በመምህሩ ላይ ያለው እምነት ከተረቱ ይበልጣልና። ለክፍል ሥራም በተረት የሚናገረውን ጅብና በዱር የሚኖረውን ጅብ በሁለት ዐምድ እያነጻጸሩ፣ እያንዳንዱን ነገር ከማን እንደ ሰሙት ወይም እንዴት እንዳዩት ተማሪዎች ይጻፉ። በዚህ ዐይነት ተረቱ ጣዕሙን ሳያጣ፣ ልጁ የሰማውን ከመቀበሉ በፊት ምንጩን መጠየቅ ይለምዳል።