ቁስሉ ድኗል፣ እጁ ግን አልዘረጋም

ልጅ በፈላ ውሃ፣ በትኩስ ወጥ ወይም በምድጃ እሳት ሲቃጠል የቤተሰቡ ጭንቀት ሁሉ ቁስሉ እስኪደርቅ ነው። ሲደርቅ «ተመስገን፣ ተረፈ» ይባላል። አንዳንዴ ግን ሌላው ችግር የሚጀምረው ያኔ ነው። ጥልቅ ቃጠሎ ሲድን ቦታውን የሚሸፍነው የሚለጠጥ ቆዳ ሳይሆን ጠባሳ ነው። ጠባሳው ለወራት እየጠነከረና እየተኮማተረ ይሄዳል። መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ክርን ታጥፎ፣ ጣት ወደ መዳፍ ተቆልምሞ፣ አገጭ ወደ ደረት ተስቦ ሊቀር ይችላል። በልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ አጥንቱ ሲያድግ ጠባሳው እኩል አያድግምና።

ቀዶ ሕክምናው

ልጁ በሰመመን ከተኛ በኋላ ሐኪሙ የያዘውን ጠባሳ ቆርጦ መገጣጠሚያውን ያላቅቃል። ሲዘረጋ የሚከፈተው ቁስል ሰፊ ከሆነ ከልጁ ከራሱ ገላ፣ ብዙ ጊዜ ከጭኑ፣ በተወሰደ ቆዳ ይሸፈናል። «ከእኔ ውሰዱለት» የሚሉ እናቶችና አያቶች አሉ። ሆኖም የእናት ቆዳ እንኳ ቢሆን የልጁ ሰውነት በዘላቂነት አይቀበለውም።

የተተከለው ቆዳ መጀመሪያ ላይ ደም አይደርሰውም። ከሥሩ በሚያገኘው ፈሳሽ ይቆይና በጥቂት ቀናት ውስጥ ደም ሥሮች ይገቡበታል። በዚህ ጊዜ ከቦታው ቢንሸራተት ወይም ደም ከሥሩ ቢቋጥር ሊሞት ይችላል። ፋሻውና ጀሶው ሐኪሙ እስኪያዝ ድረስ የማይነካው ለዚህ ነው። ስስ ቆዳ የተወሰደበት ጭን በ2 ሳምንት ገደማ ይድናል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ከተተከለበት ቦታ ይልቅ ሊያመው ይችላል።

የቤተሰቡ ድርሻ

የተተከለ ቆዳም ይኮማተራል። ስለዚህ ልጁ ለወራት፣ በተለይ ሌሊት፣ እጁን ዘርግቶ የሚይዝ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ለልጁ የሚመቸው ግን ማጠፍ ነው። ሲያለቅስ አያት አንጀታቸው አይችልም፤ «ዛሬ እንኳ ይረፍ» ብለው ይፈቱለታል። ይህ ርኅራኄ ሲደጋገም በቀዶ ሕክምና የተገኘውን መልሶ ይወስዳል። ድጋፉ ከጠበቀው ወይም ካቆሰለው ግን ወስዶ ማስተካከል ይገባል።

ከዚህ ሌላ፦

• የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያሳየውን እንቅስቃሴ በየቀኑ ማሠራት፤ ኳስ ማስወርወር፣ ከፍ ያለ ነገር እንዲያወርድ ማድረግ ልጁን አያሰለችም።
• ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ቫዝሊን ቀብቶ ማሸት።
• አዲሱን ቆዳ ከፀሐይ መከላከል።
• መጥፎ ሽታ፣ መግል ወይም ትኩሳት ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ።

ልጁ ሲያድግ ቀዶ ሕክምናው ሊደገም ይችላል፤ ይህ የመጀመሪያው ከሸፈ ማለት አይደለም።

ሳይረፍድ

ቃጠሎ ሲደርስ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ማፍሰስ ይበጃል፤ በረዶ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና አይደረግም። ቁስሉ እየዳነ ሳለም መገጣጠሚያው እንዳይታጠፍ ሐኪም ማማከር ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው፤ ክፍለ ሀገር ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ካለው ሆስፒታል ሪፈር ጠይቁ።

ዓመታት ያለፉት ጠባሳም ሊታከም ይችላል። ነገር ግን ሲቆይ ጅማቱና መገጣጠሚያው ራሱ ስለሚያጥር ሥራው ይከብዳል። ስለዚህ የልጃችሁ እጅ መታጠፍ ከጀመረ «ሲያድግ ይፈታለታል» ብላችሁ አትጠብቁ።