ትምህርት በወኅኒ ቤት ውስጥ

ሰው ተፈርዶበት ወኅኒ ቤት በገባ ጊዜ ቅጣቱ በርሱ ብቻ አይቀርም፤ ሚስቱና ልጆቹም ከርሱ ጋራ ይቀጣሉ። ስለዚህ እስረኛው በተፈታ ቀን ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል የሚለው ጥያቄ የቤተ ሰብ ሁሉ ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ አገር ሳን ኩዌንቲን የሚባል በ1852 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የተመሠረተ ወኅኒ ቤት አለ። በዚሁ ስፍራ ክሪስ ሬድሊትዝና ባለቤታቸው ቤቨርሊ ፓረንቲ በ2010 ላስት ማይል የተባለውን ማኅበር አቋቁመው፣ በ2014 ለእስረኞች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ማስተማር ጀመሩ። እስረኞቹ ኢንተርኔት እንዲከፍቱ ስላልተፈቀደላቸው፣ ከውጭ ጋራ ባልተገናኘ ኮምፒዩተር ተቀምጠው ለውጭው ዓለም የሚጠቅም ሞያ ተማሩ።

የተበደለ ሰው፣ «ለበደለኛ ይህን ያህል ድካም ስለ ምን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት በ2013 ስለ አሜሪካ ወኅኒ ቤቶች ትምህርት በጠቅላላው መርምሮ ባወጣው ጽሑፍ፣ በእስር ሳሉ የተማሩት ተመልሰው የመታሰራቸው ዕድል ካልተማሩት 43 ከመቶ ያነሰ መሆኑን ገለጸ። እንግዲህ እስረኛን ማስተማር ሌላውን ሰው ከመበደል ማዳን ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያ ሞያን ያስተምራል እንጂ የቤትን በር አይከፍትም። በሩን የሚከፍት ዘመድ ነው። እኛም ለታሰረ ዘመዳችን ስንቅ ስናቀብል፣ ከእንጀራው ጋራ መጽሐፍና ደብተር ብንጨምርለት፣ የሚፈታበትን ቀን ከዛሬ ጀምረን እናዘጋጅለታለን።