ከጫካ እስከ ጄኔራልነት

ባለፈው የጥያቄና መልስ ውድድር «ከሜጀር ጄኔራልና ከሌተናል ጄኔራል ማን ይበልጣል?» ተብዬ ተሳሳትኩ። ክፍላችንም በእኔ ምክንያት ተሸነፈ። በእንግሊዝኛ ሻለቃ ሜጀር፣ መቶ አለቃ ደግሞ ሌተናንት ስለሚባል ሜጀሩ የሚበልጥ መስሎኝ ነበር። ለካ ጄኔራል ላይ ይገለበጣል! ቅደም ተከተሉ ብርጋዴር ጄኔራል፣ ሜጀር ጄኔራል፣ ከዚያ ሌተናል ጄኔራል ነው።

እዚህ ከደረሱት አንዱ ጃገማ ኬሎ ናቸው። በ1913 ዓ.ም. ጊንጪ አካባቢ ተወለዱ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ ይበልጣሉ ማለት ነው! ጫካ ገብተው እስከ ድል ድረስ ተዋጉ። «የበጋው መብረቅ» ይባላሉ። በበጋ መብረቅ ይመጣል ብሎ ማን ይጠብቃል?

ከድል በኋላ በመደበኛው ጦር አገልግለው ሌተናል ጄኔራል ሆኑ። በ2009 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አረፉ።

እኔ ያጠናሁት ማዕረጉን ብዬ ነበር። ግን ጫካ ሲገቡ ትከሻቸው ላይ ምንም ኮከብ አልነበረም። ሥራው ቀደመ፣ ማዕረጉ በኋላ መጣ።

የክፍሌ ልጆች፣ ለነጥቡ ይቅርታ!