ቁጥር 4,294,967,297 እና የሒሳብ ማረጋገጫ ትርጉም

በሁለት 1ኛ፣ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 8ኛና 16ኛ ርቢዎች ላይ 1 ሲደመር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይገኛሉ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በስተቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈሉ ናቸው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ በ1640 (እ.ኤ.አ.) አርቢው በዕጥፍ እያደገ ሲሄድ ተከታዮቹም ሁሉ ብቸኛ እንደሚሆኑ ገመተ።

ቀጣዩ ቁጥር 4,294,967,297 ነው። ሌዎንሃርድ ኦይለር በ1732 (እ.ኤ.አ.) ይህ ቁጥር 641 በ6,700,417 ሲባዛ የሚገኝ መሆኑን አሳየ። አካፋዩንም ለማግኘት በዘፈቀደ መፈለግ አያሻም፤ የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ቀሪ መተው አለበትና። ስለዚህ ከታች ጀምሮ የሚፈተኑት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ሲሆኑ፣ አምስተኛው ሙከራ መልሱን ይሰጣል።

ከ65,537 በላይ በዚህ መልክ የተገኘ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስከ ዛሬ የለም። ከዚህም እንደምንረዳው አምስት ትክክለኛ ምሳሌዎች አንድን ሕግ አያጸኑም፤ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ግን ያፈርሰዋል። መምህሩ ይህንኑ ማባዛት ተማሪዎች በደብተራቸው ላይ እንዲሠሩት ቢያደርግ፣ በምሳሌና በማረጋገጫ መካከል ያለው ልዩነት በገዛ እጃቸው ሥራ ይገለጽላቸዋል።