ሲኒው ዒላማ አይደለም

ወላይታ ሶዶ አጠገብ የሚገናኙት የኤሌክትሪክ መስመሮች ከአገራችን ታላላቅ መስመሮች መካከል ናቸው። ወላይታና ዳውሮ በሚዋሰኑበት የኦሞ ሸለቆ የተገነባው ግልገል ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉን በ400 ኪሎ ቮልት ወደ ሶዶ ይልካል። ከሶዶ አንዱ መስመር ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ሌላው ወደ ደቡብ ታጥፎ ኬንያ ውስጥ እስከምትገኘው ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከዚህ ውስጥ 430 ኪሎ ሜትር ያህሉ በእኛ ምድር ላይ ነው። ይህ የኬንያ መስመር በ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ሞገድ የሚሠራና እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ የሚችል ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ኬንያ በመጀመሪያው ምዕራፍ የምትወስደው 200 ሜጋ ዋት ነበር።

በመስመሮቹ ጫፍ ያሉት ጣቢያዎች አጥርና ጥበቃ አላቸው። መስመሩ ግን የለውም። በበቆሎ፣ በእንሰትና ቦይና በሚባለው ሥራሥር መሐል፣ በግጦሽና በገደል አፋፍ ላይ ቀንም ሌትም ቆሞ ያድራል። ለእያንዳንዱ ታወር ዘብ ማቆም የሚችል መሥሪያ ቤት የለም፤ ያለው ሠራተኛ መስመሩን ዞሮ ለማየት እንኳ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የሁሉም የሆነና ማንም አጠገቡ የሌለ ንብረት እንዴት ይጠበቃል?

ከታወሩ ክንድ ላይ እንደ ተደራረቡ ሳህኖች ተንጠልጥለው የሚታዩትን ነገሮች የመብራት ሠራተኞች ሲኒ ይሏቸዋል። ሲኒው ሁለት ሥራ አለው። የሽቦውን ክብደት ይሸከማል፤ ኤሌክትሪኩም ወደ ታወሩ ብረት እንዳይሻገር ያግዳል። መሣሪያ ይዞ ሥራ የፈታ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፍበትም እሱ ነው። ከፍ ብሎ ይታያል፣ ያንጸባርቃል፣ ሲመታ ይበተናል፣ ባለቤት ነኝ ብሎ የሚቆጣም የለም። ወንጭፍ የያዘ ልጅም በሰፈሩ ምሰሶ ላይ ባለችው ትንሽ ሲኒ ላይ ያነጣጥራል።

ጉዳቱ እንደ ሲኒው ዓይነት ይለያያል። የመስታወት ሲኒ ሲመታ እንዳለ ይረግፋል፤ መሐሉ ላይ ያለው ብረት ግን ሽቦውን ይዞ ይቆያል፣ ጉድለቱም ከመሬት ላይ ይታያል። የሸክላው ከዚህ ይከፋል፤ ውስጡ ሊሰነጠቅና ላዩ ደህና ሊመስል ይችላል። በየጊዜው እየተስፋፋ የመጣው ደግሞ ከፋይበር ዘንግ ላይ የጎማ ልባስ ያለው ነው። ጥይት ልባሱን ከበሳው እርጥበት ወደ ዘንጉ ይገባል፣ ዘንጉ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ከወራት በኋላ ነፋስ የሌለበት ቀን መርጦ የተበጠሰ ይመስል ሽቦው ይወድቃል። ተኳሹ ያን ጊዜ ነገሩን ረስቶታል።

ሲኒዎቹ ሲጎድሉ ኤሌክትሪኩ የሚዘለው ርቀት ያጥራል። በበጋ አቧራ ለብሰው ከቆዩ በኋላ የመጀመሪያው ካፊያ ሲያርሳቸው ብልጭታ ይፈጠራል፤ በጣቢያው ያለው መከላከያም መስመሩን በቅጽበት ይቆርጠዋል። ከተማው በጨለማ ይዋጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከብዙ መቶ ታወሮች ውስጥ የተጎዳውን ፈልጎ ማግኘት ነው፤ ያውም በጭቃ፣ ያውም መኪና በማይደርስበት።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሜትካፍ በተባለው ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ በሌሊት የተኮሱ ሰዎች 17 ትራንስፎርመሮችን አበላሽተዋል። ጥይቱ የማቀዝቀዣውን ክፍል ሲበሳው ዘይቱ ፈሰሰ፣ ትራንስፎርመሮቹም ጋሉ። ኪሳራው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

በእኛ አገር ግን ከጥይቱ ይልቅ ቁልፍ መፍቻው የባሰ ጠላት ይመስለኛል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በየጊዜው ከሚያሰማቸው አቤቱታዎች አንዱ የታወር ብረት ስርቆት ነው። ሌባው አብዛኛውን ጊዜ ሽቦውን አይነካም፤ ያስፈራዋል። የሚፈታው ከታች፣ እጁ የሚደርስበትን አግዳሚና ሰያፍ ብረት ነው። «አንድ ቀጭን ብረት ቢጎድል ይህን ግዙፍ ነገር ምን ያደርገዋል?» የሚል ብዙ ሰው አለ። መልሱን ማወቅ ይጠቅማል። የታወሩ አራት እግሮች ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት በየጥቂት ሜትሩ ከሚደግፏቸው ከእነዚያ ቀጫጭን ብረቶች ነው። ረጅም ዘንግ መሐሉን የሚይዘው ካጣ በትንሽ ጭነት ይጎብጣል። ድጋፉ የተፈታ ታወር ደግሞ ለጊዜው ቆሞ ይታያል፤ የሚወድቀው ንፋስ ሲመጣ ነው። ሲወድቅም ሽቦው ጎረቤቱን ይጎትተዋል፣ ጎረቤቱም ቀጣዩን።

ኬንያ ይህን በጥር 2014 ዓ.ም. ቀምሳዋለች። ከኪያምቤሬ ወደ ናይሮቢ የሚሄደው መስመር ታወሮች ወድቀው አገሩ በሙሉ ጨለመ፤ ብረቶቹ ተነቅለው እንደነበር ተገለጸ። መንግሥት በዚያው ወር የቁርጥራጭ ብረት ንግድን አገደ። እገዳው ለጥቂት ወራት ብቻ ቢቆይም ጣቱን ትክክለኛው ቦታ ላይ አሳርፏል። የታወር ብረት ማንም ቤቱ ውስጥ አያስቀምጠውም፤ ገዢ ከሌለው ሌባም የለውም።

የእኛ ሕግ ጠንካራ ነው። የቴሌኮምና የኤሌክትሪክ መረብን ደኅንነት ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 464/1997 በመረቡ ላይ ሆን ብሎ ጉዳት የሚያደርስን ሰው ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ቅጣቱ አያንስም። የሚያንሰው ብረቱን በኪሎ መዝኖ የሚገዛውን ሰው የመጠየቅ ልማድ ነው። አንድ ሥራ አጥ ወጣት ታስሮ ገዢው ሱቁን ከፍቶ ካደረ ስርቆቱ ሌላ ወጣት ያገኛል።

ክፋት የሌለበት ጉዳትም አለ፤ በወላይታ ደግሞ ይህኛው ቀላል አይደለም። መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ እርሻው እስከ ታወሩ እግር ይጠጋል። ለጭቃ ቤት የሚሆን አፈር ከመሠረቱ አጠገብ ይቆፈራል። ጎርፍ ቦረቦር እየፈጠረ ኮንክሪቱን ያራቁተዋል። ከመስመሩ ስር የተተከለ ባሕር ዛፍም ገና ሽቦው ጋ ሳይደርስ ኤሌክትሪኩን ወደ ራሱ ይስባል፤ ቮልቴጁ ይህን ያህል ከፍተኛ ሲሆን አደጋ ለመፍጠር መንካት አያስፈልግም።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ከመስመሩ ስር ብዙ ጎጆዎች በኩራዝ ያመሻሉ። ከ400 ወይም ከ500 ኪሎ ቮልት በቀጥታ ለቤት መቀጠል አይቻልም፤ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት የሚያወርድ ጣቢያ፣ ከዚያም የሰፈር ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ገበሬው ግን ይህን የነገረው ከሌለ፣ የሚያየው በራሱ ላይ አልፎ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሽቦ ብቻ ነው። የማይጠቅመኝን ለምን ልጠብቅ ቢል አልፈርድበትም። ጥበቃን በተመለከተ የማምንበት ነገር ይኸው ነው፦ ቅርብ ላለው ቀበሌ መብራት ማድረስ፣ የጥበቃውንና ከመስመሩ ስር ዛፍ የመመንጠሩን ሥራ ለአካባቢው ወጣቶች በክፍያ መስጠት ከየትኛውም የማይፈታ ብሎን ይበልጣል። ብሎኑም ቢሆን ይሠራል፤ አንዴ ከጠበቀ በተራ መፍቻ የማይፈታ ዓይነት አለ፣ የታችኛውን ክፍል መበየድም ይቻላል።

እርስዎ ምን ያድርጉ? በታወር እግር ላይ ባዶ የብሎን ቀዳዳ፣ የተሰበረ ሲኒ ወይም የተራቆተ መሠረት ካዩ ለቀበሌው አስተዳደር፣ ለፖሊስ ወይም በ905 ለመብራት የጥሪ ማዕከል ይናገሩ፤ በታወሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ቢጠቅሱ ጠጋኞቹ ቀናት አይባክኑባቸውም። የወደቀ ሽቦ ካዩ ግን የሞተ ቢመስልም አይጠጉ፣ ልጆችንና ከብቶችን ያርቁ፤ ኤሌክትሪኩ በመሬቱ በኩልም ይመጣል።