ያውቁ ኖሯል? ከመዳፍ ሥር ያለ ጭቃ የመንገድን ጽንዓት ይናገራል
አንድ መሬት አስፋልት ለመሸከም ያለው ጽንዓት፣ በጣት ከተድቦለቦለ ጭቃና ከወንፊት ተነሥቶ በግምት ሊታወቅ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የተጀመረውና መሐንዲሶች «ሲቢአር» የሚሉት ፈተና፣ የተጠቀጠቀውን አፈር 4 ቀን በውኃ ዘፍዝፎ በብረት ዘንግ እየተጫነ፣ የመቋቋም ኃይሉን ከተፈጨ ድንጋይ ኃይል ጋር በመቶኛ የሚያነጻጽር ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜና ድካም ይጠይቃል።

ግምቱ ግን፣ እርጥብ አፈር በመስተዋት ላይ በጣቶች እየተድቦለቦለ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንደ ቀጠነ የሚፈረካከስበት የእርጥበት መጠን፣ ጭቃው መፍሰስ ከሚጀምርበት መጠን ላይ ተቀንሶ ይጀመራል። ይህ ልዩነት የ0.075 ሚሊ ሜትር ወንፊት በሚያልፈው የደቃቅ አፈር ድርሻ (በአስርዮሽ ተጽፎ) እና በ0.728 ይባዛል፤ 1 ይታከልበታል፤ 75ም ለተገኘው ቍጥር ይካፈላል።

ልዩነቱ 40፣ ደቃቁም ከመቶ 90 እጅ የሆነ ጥቁር መረሬ በዚህ ስሌት 3 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ልዩነቱ 10፣ ደቃቁ ከመቶ 20 እጅ የሆነው ጠጠራማ አፈር ግን 30 በመቶ ይደርሳል፤ እጅግ የሚያስደንቅ ርቀት ነው! ለታላላቅ መንገዶች፣ ይህ ግምት ከመነሻነት አያልፍምና፣ ፈተናው ራሱ ይደረጋል።